ከስንዴ ሽያጭ ለምርምር ቢቆረጥ፦ ለወሎ ገበሬ የትኛው አሠራር ያዋጣል?

«ደግሞ ሌላ መዋጮ!» የመጀመሪያው መልስ ይኼ ነው። ጃማም ሆነ ደላንታ፣ በማኅበር ጉባኤ ላይ ተነሥቶ «ከምንሸጠው ስንዴ ትንሽ እየተቆረጠ ለምርምርና ለገበያ ይዋል» ያለ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀመጥም። አይፈረድባቸውም። ለመንገድ ተዋጥቷል፣ ለትምህርት ቤት ተዋጥቷል፣ የቅሬው (የዕድሩ) አለ፣ የመሬት ግብሩ አለ።

ሐሳቡ ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። አሜሪካ ካንሳስ፣ ካናዳ ሳስካችዋን፣ አውስትራሊያ፣ እንግሊዝ፣ ኡራጓይ ያሉ ስንዴ አምራቾች ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። አደራረጋቸው ለየቅል ነው። አንዱ በሕግ ያስገድዳል። ሌላው ቆርጦ ለጠየቀ ይመልሳል። ሌላው ዝርያውን ላወጣው ይከፍላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ገበሬው ማኅበሩን ማመን ወይም አለማመኑ ግን እዚያው ላይ ይወሰናል።

ይህን የምጽፈው የማኅበርና የዩኒየን ኮሚቴ ውስጥ ላላችሁ፣ ለዲኤዎች (ለግብርና ልማት ሠራተኞች)፣ እንዲሁም ከተማ ተቀምጣችሁ ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር ስለ እርሻ ለምትመካከሩ ነው። ምርጫዬን ቀድሜ ልናገር። እኔ የምወደው ማኅበሩ ራሱ በመተዳደሪያ ደንቡ የሚወስነውን፣ ለጠየቀ አባል የሚመለሰውን ተቀናሽ ነው። በአዋጅ ከሁሉም ገበሬ የሚቆረጠው ለወሎ ገና ነው። ለምን እንደምል ከታች ታገኙታላችሁ። ባትስማሙ እንኳ ማነጻጸሪያው ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ፣ ምርምሩ ለምን ማለቂያ የለውም?

የስንዴ ዝርያ ያረጃል። ኩብሳ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተለቅቆ አገሩን ሞልቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ መጣና ጨረሰው። ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋጉን ቻለው። እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር ግን ባሌና አርሲ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ እሱንም መታው። ዋግ ድንበር አያውቅም፣ በንፋስ ይሄዳል። አርሲ የታየ በሽታ ወረኢሉ ይደርሳል።

አንድ ዝርያ ከማዳቀል ተነሥቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ደህና የሆነው ዝርያ ከመመታቱ በፊት ተተኪው ከዓመታት በፊት ተጀምሮ መገኘት አለበት። ዳንዳአና ከከባ የሚባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የደረሱት ሥራው ቀድሞ ስለተጀመረ ነው። በመሃል ባጀት ቢቋረጥ ጉዳቱ የሚታየው ያን ዓመት አይደለም። ከዓመታት በኋላ ማሳው ላይ ነው።

የስንዴ ምርምሩን በአገር ደረጃ የሚያስተባብረው አርሲ ያለው የቁሉምሳ ማዕከል ነው። ለእኛ ቅርቡ ሰሜን ወሎ ሀብሩ ያለው ሲሪንቃ ነው። ቁሉምሳ የሚሠራው ለአገር ነው። ወሎ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለጋምቦና ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ በልግ ይዘራል፣ በልጉ ደግሞ እንደ ድሮው አይታመንም። የጃማ መረሬ (ጥቁር አፈር) ውኃ ይቋጥራል፣ ካልተጠነፈፈ ሥሩ ይታፈናል። ቆቦ ላይ በመስኖ የሚዘራው ከሙቀት ጋር ይታገላል። አርሲ ላይ አንደኛ የወጣ ዝርያ እነዚህ ቦታዎች ላይ አንደኛ ላይሆን ይችላል። በየቦታው ተዘርቶ መታየት አለበት። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ጭምር ነው።

ግዴታው፦ አውስትራሊያ፣ ኡራጓይ፣ እንግሊዝ

አውስትራሊያ የእህል ምርምርና ልማት ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት አላት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመ። ገበሬው ስንዴውን ሲሸጥ ከዋጋው 0.99 በመቶ ይቆረጣል። ቆራጩ የመጀመሪያው ገዢ ነው። ገበሬው ራሱ ሄዶ የሚከፍልበት ቢሮ የለም። መንግሥት ደግሞ ከጠቅላላው የምርት ዋጋ እስከ 0.5 በመቶ ድረስ ከራሱ ይጨምርበታል። ገንዘቡ አይመለስም።

ኡራጓይ ከእኛ ጋር ለማነጻጸር ትቀርባለች፣ ትንሽ አገር ናትና። የግብርና ምርምር ተቋሟ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቋቋም ከእርሻ ምርት የመጀመሪያ ሽያጭ 0.4 በመቶ እንዲቆረጥ፣ መንግሥትም ያንኑ ያህል እንዲያስገባ ተደረገ። እኔን የሳበኝ የቦርዱ አሠራር ነው። ሁለት ወንበር ለመንግሥት፣ ሁለት ወንበር ለአምራቾች። ገንዘብ ያዋጣው ሰው በየትኛው ሰብልና በየትኛው ችግር ላይ ይሠራ ሲባል እጁን ያነሣል።

የእንግሊዝ እህል አምራች በቶን ይከፍላል። ለብዙ ዓመት 46 ፔንስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 58 ፔንስ ከፍ ብሏል። እዚያ የሆነ አንድ ነገር ግን ኮሚቴዎቻችን ሊያውቁት ይገባል። ተቀናሹን የሚሰበስበው ድርጅት የአትክልትና የድንች አምራቾችንም ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አምራቾቹ ድምፅ ሰጡ። አትክልተኞቹም ድንች አምራቾቹም «ይቅርብን» አሉ። ተቀናሹም ቀረ። የስንዴው ቀጠለ። በግዴታ የሚሰበሰብ ገንዘብ እንኳ አባሉ የማይታየው ነገር ላይ ከዋለ አንድ ቀን በድምፅ ይወድቃል ማለት ነው። ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ በሌለበት ደግሞ ሰው በእግሩ ይወጣል፤ ስንዴውን ማኅበሩን ዘልሎ ይሸጣል።

የግዴታው ጥቅም ግልጽ ነው። ዋግ የሚችል ዝርያ ሲወጣ ዘሩ ከጎረቤት ጎረቤት ይዛመታል። ያልከፈለውም ይዘራዋል። ሁሉም ከከፈለ ግን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አይቀመጥም። ጉዳቱም ያንኑ ያህል ነው። የአውስትራሊያ ገበሬ ስንዴውን ለትልልቅ ገዢ በደረሰኝ ይሸጣል። የእኛ ገበሬ ከምርቱ ብዙውን ራሱ ይበላል፣ ለዘር ያስቀራል፣ የተረፈውን በአህያ ጭኖ ገበያ ይወጣል። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ጆንያ ይዞ የቆመ ነጋዴ ደረሰኝ ይቁረጥ ብንለው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ተቀናሹን ከዋጋው ላይ ያወርዳል፣ ገንዘቡ ግን ሲሪንቃም ቁሉምሳም አይደርስም።

የሚመለሰው፦ ካንሳስና ሳስካችዋን

የካንሳስ ስንዴ ኮሚሽን የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተቋቋመ። ከአንድ ቡሼል ስንዴ 2 ሳንቲም ይቆረጣል። ቡሼል 27 ኪሎ ከምናምን ነው። ወደ ኩንታል ስንመታው ከ7 የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም አይበልጥም። እዚህም ቆራጩ የመጀመሪያው ገዢ ነው። ልዩነቱ፣ «አልፈልግም፣ መልሱልኝ» ያለ ገበሬ በጊዜው ካመለከተ ይመለስለታል። ካናዳ ሳስካችዋን ውስጥም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶን 1 የካናዳ ዶላር ይቆረጣል፣ ይህም ለጠየቀ ይመለሳል።

«ታዲያ ሁሉም መልሱልኝ ቢልስ?» ትሉ ይሆናል። ሥርዓቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። የካንሳስ ገበሬዎች በዚሁ በሳንቲም በተጠራቀመ ገንዘብ እዚያው ካንሳስ ባለችው ማንሃተን ከተማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የስንዴ ምርምር ሕንፃ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍተዋል። መመለስ መቻሉ ራሱ ኮሚሽኑን ያስጨንቀዋል። የሚረባ ነገር ካልሠራ ገንዘቡ በዓመቱ ይሸሸዋል። እኔ ይህን ጭንቀት እወደዋለሁ። ኮሚቴ ሲባል አበል መብላት ብቻ ለሚመስለው አባል ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም።

ከዚያው ከካንሳስና ከሌሎቹ ግዛቶች ተቀናሽ የተወሰነው ለገበያ ሥራ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት ድርጅቶች ተዋሕደው የአሜሪካ ስንዴን ውጭ አገር የሚያስተዋውቅ አንድ ማኅበር ሆኑ። የአሜሪካ መንግሥትም ይረዳዋል። ሥራው ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለውጭ አገር ዱቄት ፈጪዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች ሥልጠና ይሰጣል፣ የትኛው ስንዴ ለየትኛው ዳቦ እንደሚሆን ያሳያል። ፈጪው በለመደው ስንዴ ላይ ይቆያል። ገበሬው ያዋጣው ሳንቲም ገዢ ሆኖ ይመለሳል።

በክብደት ወይስ በመቶኛ?

ካንሳስ፣ ሳስካችዋንና እንግሊዝ በክብደት ይቆርጣሉ። አውስትራሊያና ኡራጓይ በዋጋ መቶኛ። በክብደት መቁረጥ ቀላል ነው፤ ሚዛን ብቻ ይበቃል፣ የተሸጠበትን ዋጋ መጠየቅ የለም። ነገር ግን ብር ዋጋው ሲወርድ የተወሰነው ብር ይሟሽሻል። ዛሬ በኩንታል 20 ብር ብላችሁ ደንብ ብታጸድቁ ከአራት ዓመት በኋላ ምን ይገዛል? ጉባኤ ጠርቶ ማስጨመር ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ነው። መቶኛው ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮም ይወርዳል። ስንዴ በረከሰ ዓመት ገበሬው ላይ አይከብድም። ማኅበሩ በደረሰኝ የሚገዛ ከሆነ ዋጋው ተጽፏልና መቶኛው አያስቸግርም። እኔ መቶኛ እላለሁ።

በመጠኑም እንተያይ። የአውስትራሊያው ስንዴ በቶን 300 የአገሩ ዶላር ቢሸጥ ተቀናሹ ወደ 3 ዶላር ነው። ከሳስካችዋን ሦስት እጥፍ በቁጥር ይበልጣል። ብዙ የሚከፍለው የአውስትራሊያ ገበሬ ብዙ ዝርያና ብዙ ጥናት ያገኛል፤ ነገር ግን እሱ በመቶ ሄክታሮች የሚያርስ ነው። አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ከሚያርስ ሰው ጋር አንድ ዓይነት መቶኛ ብንጭን ክብደቱ እኩል አይሆንም።

በዝርያ መክፈል

አውስትራሊያ ከተቀናሹ ሌላ ደግሞ ክፍያ አላት። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ ዝርያ የዘራ ገበሬ ዘሩን ሲገዛ ሳይሆን ምርቱን ሲሸጥ በቶን ጥቂት ዶላር ዝርያውን ላወጣው ኩባንያ ይከፍላል። ዘሩን አስቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት መዝራት ይችላል። ዝርያው ከደከመ ማንም አይዘራውም፣ ኩባንያውም ገንዘብ አያገኝም። ብልህ ሐሳብ ነው።

ለወሎ ግን አይሆንም። ማን የትኛውን ዝርያ እንደሸጠ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፣ የእኛ ጆንያ ውስጥ ደግሞ ሦስት ዝርያ ተደባልቆ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአገራችን የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅም ለአነስተኛ ገበሬ ካስቀመጠው ዘር የመጠቀምና የመለዋወጥ መብት ጠብቆለታል። ይህን አማራጭ እዚሁ ላይ ልተወው።

ለመንግሥት መተው

አሁን ያለንበት ይኼ ነው። ለስንዴ ምርምር ከገበሬው ሽያጭ የሚቆረጥ ነገር የለም። ወጪው የሚሸፈነው በመንግሥት ባጀትና በውጭ ድጋፍ ነው። የዋግ ምርምሩ ብዙ ጊዜ ከዓለም አቀፍ የስንዴ ምርምር ድርጅቶች ጋር ተያይዞ ሠርቷል። ይህ መቀጠል አለበት። ዋግን የሚችል ዝርያ ማዳቀል የአንድ ወረዳ ማኅበር ሥራ አይደለም፣ ሊሆንም አይችልም። ገበሬው ማዋጣት ሲጀምር መንግሥት «እንግዲህ እናንተው ቻሉት» ብሎ እጁን እንዳይሰበስብ መጠንቀቅ ነው። አውስትራሊያና ኡራጓይ የመንግሥትን ድርሻ ከተቀናሹ ጎን በሕግ ያሰሩት ለዚህ ይመስለኛል።

ችግሩ፣ በመንግሥት ባጀት ብቻ ሲሆን የጃማ ገበሬ «ለመረሬያችን ይህን ሞክሩልን» የሚልበት በር ጠባብ ነው። የሚያዝዘው ባለ ገንዘቡ ነዋ።

በማኅበር መቁረጥ

ወደ ምርጫዬ መጣሁ። ለሒሳብ እንዲመች እንበልና፣ 400 አባል ያለው ማኅበር አለ። እያንዳንዱ በዓመት 5 ኩንታል ለማኅበሩ ይሸጣል። ዋጋው በኩንታል 5,000 ብር ይሁን። አንድ በመቶ ቢቆረጥ በኩንታል 50 ብር፣ በአባል 250 ብር፣ በማኅበር 100,000 ብር ይሆናል።

በዚህ ገንዘብ አዲስ ዝርያ አይወጣም። ነገር ግን በአራትና በአምስት አባላት ማሳ ላይ አራት ዝርያ ጎን ለጎን ዘርቶ ማየት ይቻላል። ሲሪንቃን «መሬቱን እኛ፣ ባለሙያውን እናንተ» ብሎ መጥራት ይቻላል። ወጪው ተሸፍኖ ከተጠራ ባለሙያውም ቶሎ ይመጣል። መስራች ዘር አምጥቶ በአባል ማሳ ማባዛት ይቻላል። ብዙው ገበሬ አንዱን ዘር ዓመት ካመት እየደጋገመ ስለሚዘራ፣ ዘር ማደሱ ብቻውን ለውጡ ዓይን ላይ ይታያል።

የሚያሠጋው አባሉ ሸሽቶ መሸጡ ነው። ማኅበሩ 50 ብር ሲቆርጥ ነጋዴው ሳይቆርጥ እኩል ዋጋ ከሰጠ፣ ስንዴው ወደ ነጋዴው ይሄዳል። በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅና ነጋዴው ብሩን በእጁ ይዞ ሲቆም። ስለዚህ ማኅበራችሁ ክፍያ የሚያዘገይ ከሆነ ተቀናሽ አትጀምሩ። ይህን ጠንከር አድርጌ እላለሁ። መጀመሪያ በዕለቱ መክፈል፣ ትክክለኛ ሚዛን ማቆም። ሁለት ዓመት አባሉ ሳያጉረመርም ከሸጠላችሁ በኋላ ስለ ተቀናሽ አውሩ።

ሌላው የመጠን ጉዳይ ነው። ወሎ ውስጥ ከአውድማ ላይ ቆጥሮ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። ሙስሊሙ ገበሬ የዘካን ስሌት ያውቀዋል። በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በወጪ ውኃ ከጠጣው ከሃያ አንድ፣ ከተወሰነው መጠን በታች ያገኘ ደግሞ ምንም። የማኅበር ተቀናሽ ዘካም አሥራትም አይደለም፣ እነሱንም አይተካም። ስሌቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ነገሮች ግን እንዳሉ ወደ ደንባችሁ ሊገቡ ይችላሉ። አንደኛ፣ ትንሽ የሸጠ አይቆረጥበት። የመጀመሪያዎቹ 2 ኩንታሎች ነፃ ቢሆኑ ከላይ ያልነው ማኅበር የሚያገኘው 60,000 ብር ይሆናል። ያንሳል፣ ግን የድሀው አባል ቅሬታ ይወገዳል። ሁለተኛ፣ ቆቦ ላይ በፓምፕ አጠጥቶ ያመረተ፣ ነዳጅ ከኪሱ የገዛ፣ በዝናብ ካመረተው ግማሹን ብቻ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው።

ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?

እዚህ ላይ ማኅበራት የሚለያዩ ይመስለኛል። ጃማና ወረኢሉ ላይ፣ ስንዴው በብዛት በሚሸጥበት፣ ከተቀናሹ ከግማሽ በላይ ለገበያ ሥራ ቢውል አይከፋኝም። ለጋምቦና ደሴ ዙሪያ በልግ በሚዘራበት ግን ሰዉ የሚሸጠው ጥቂት ነው። ተቀናሹም አያወጣም። እዚያ ቀድሞ የሚደርስ ዘር ማግኘት ይቀድማል፣ ምናልባትም ተቀናሹን ጨርሶ ትቶ ዩኒየኑ ከትርፉ ቢመድብ ይሻላል።

ለገበያ ስል ወደ ውጭ መላክ ማለቴ አይደለም። ገዢው ደሴና ኮምቦልቻ ያለው ዱቄት ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ፓስታ አምራቹ ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው አንድ ወጥ፣ ጠጠርና ገብስ ያልተቀላቀለበት፣ እርጥበቱ 12 እና 13 በመቶ አካባቢ የሆነ ስንዴ ነው። ይህን ካላገኘ ከሩቅ አምጥቶ ይፈጫል። ስለዚህ የመጀመሪያው የገበያ ወጪ የእርጥበት መለኪያ፣ ወንፊትና ለየዝርያው የተለየ ማከማቻ ክፍል ይሁን። ሁለተኛው፣ ከመኸር በፊት ፋብሪካው ዘንድ ናሙና ይዞ ሄዶ «የትኛውን ዝርያ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ወደ ሙከራ ማሳው ይመለሳል። የፓስታ ስንዴ ከተፈለገ ጥቁር አፈር የለመደ ነገር ነው፤ የጃማ ሰው እዚህ ላይ ዕድል አለው። ፋብሪካው ስንት እንደሚጨምር ሳይነግራችሁ ግን አትዝሩ።

አዳራሽ አትሥሩበት። ስብሰባ አታብዙበት። ለአስተዳደር ከአሥር አንድ በላይ አይውጣ ብላችሁ ደንቡ ላይ ጻፉ፣ በየዓመቱም ወጪው በጉባኤ ላይ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይነበብ።

ደንቡን ስትጽፉ

የተቀናሹን መቶኛ፣ ነፃ የሆነውን መጠን፣ የመስኖውን ቅናሽ ጻፉ። የተቆረጠው በእያንዳንዱ የሽያጭ ደረሰኝ ላይ ለብቻው ይታይ፣ ከዋጋው ውስጥ ተደብቆ አይቅር። ሂሳቡ ከማኅበሩ ከሌላው ገንዘብ ተለይቶ በራሱ የባንክ ደብተር ይቀመጥ። ገንዘቡን የሚያዝዘው ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ሴት አባላትና በማኅበሩ ኃላፊነት የሌላቸው ገበሬዎች ይኑሩበት፣ የሲሪንቃ ባለሙያ በምክር ይግባ እንጂ ድምፅ አይኑረው። በየሦስት ዓመቱ «ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ተብሎ በምስጢር ድምፅ ይሰጥ። እጅ በማውጣት ከሆነ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት እምቢ የሚል አይገኝም።

የማስመለሻ ጊዜው ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ቢሆን ጥሩ ነው። የመኸሩ ሽያጭ ያበቃል፣ ሂሳብም ይዘጋል፣ ገበሬው ደግሞ ብር የሚያጥረው ያኔ ነው። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይሁን፣ ለማይጽፍ አባል ጸሐፊው ይሙላለት፣ ምክንያት አይጠየቅ። ብሩም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለስ።